«ባዶ ኮረብታ» እና ሌሎች የነፋስ ተርባይን ስህተቶች

የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሥራ ብዙውን ጊዜ ኮረብታ ላይ ቆሞ ባርኔጣን በእጅ ይዞ መዋል ነው። ነፋስ ያለበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያምራል፤ ጭቅጭቁ የሚነሳውም ከዚያ ነው። ባማረ የገጠር ኮረብታ ላይ ተርባይን ይተከል አይተከል ብለው የሚወስኑ ሰዎች ያንኑ ስህተት ሲደጋግሙ ማየት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ልጻፈው። ከስህተቶቹ አንዳንዶቹ የራሴ ናቸው።

«ቦታው ባዶ ነው» ማለት

እዚህ ላይ ትዕግስት የለኝም። ሰነዱን ገና ስትገልጡት «ሰው ያልሰፈረበት ባዶ ኮረብታ» ይላል። ማነው ባዶ ያለው? ኮረብታው የወል ግጦሽ ነው። ክረምት ላይ ታች ያለው ማሳ በእህል ሲያዝ ከብቱ የሚወጣው እዚያ ነው። የጎጆ ክዳን ሣር የሚታጨደው እዚያ ነው። ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብር ወይ የአድባር ዛፍ አለ፤ ድሮም ሰው ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል። ቤት ስላልታየ ሰው የለም ማለት አይደለም።

አንድ ጊዜ ይህንኑ ቃል የጻፈ ጀማሪ ባለሙያ ይዤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጣን። እስከ 3 ሰዓት ቁጭ ብለን ቆጠርን። እረኞች ከነከብታቸው፣ ኩበት የሚለቅሙ ሁለት ሴቶች፣ አህያ ጭነው ወደ ገበያ የሚያቋርጡ ሰዎች፣ አንድ ከቅዳሴ የሚመለሱ ቄስ። ልጁ «ባዶ» የሚለውን ሰረዘና በምን እንደሚተካው ግራ ገባው። «ያየኸውን ጻፍ» አልኩት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ያስተማረው አልነበረም እንጂ።

በፎቶ መወሰን

ስልክ ሲያነሳው ሩቅ ያለውን ነገር ሁሉ ያሳንሰዋል። ሰፊ ሌንስ ስለሆነ ነው። በዚያ ፎቶ ላይ ተርባይን ለጥፎ ለኮሚቴ ማሳየት ማታለል ነው፣ ሳይታሰብም ቢሆን። ለዓይን የሚቀርበውን የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ምስል ጠይቁ። ከዚያ ምስሉን ይዛችሁ ሰው የሚውልበት ቦታ ሂዱና ቁሙ፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር፣ የውሃ መቅጃው። በዚያ ላይ ፎቶ አይንቀሳቀስም። ክንፉ ግን ይዞራል፣ ዓይን ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ይከተላል።

ቁመቱን በሜትር ብቻ አትናገሩ። አንድ አባት «ከደብሩ ጽድ በስንት ይበልጣል?» ብለው ጠይቀውኛል። ከዚያ ወዲህ በጽድ ነው የማስረዳው። አራት ጽድ፣ አምስት ጽድ።

«ትንሽ ዝቅ አድርጉት»

ተርባይኑን ከኮረብታው ጫፍ ትንሽ ወደ ታች ትከሉት የምትል ይህቺ የሽማግሌ ማስታረቂያ የምትመስል ሐሳብ ሁለቱንም ወገን ታከስራለች። ጫፉ ላይ ነፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ቢሆንና ዝቅ ሲል 6 ቢሆን፣ በነፋሱ ውስጥ ያለው ኃይል ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ኃይሉ የሚለካው በፍጥነቱ ኩብ (8×8×8፣ 6×6×6) ነውና። ማሽኑ ግን አሁንም ይታያል። መልክዓ ምድሩን ካበላሸ አይቀር መብራት ይስጥ፤ ካልሆነ አይተከል።

ሌላም ነገር አለ። ደጋ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ክንፉን የሚገፋው በትንሹ ነው። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የተርባይኑ አቅራቢ ያመጣው የኃይል ምርት ሠንጠረዥ ይህን አስቦ እንደሆነ ጠይቁ።

ተርባይን መቁጠር

«አዳማ ሁለት» የሚባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 102 ተርባይን አለው፣ 153 ሜጋዋት። አሰላ ደግሞ 100 ሜጋዋቱ የታቀደው በ29 ብቻ ነው። «አነሰ፣ ተመስገን» ከማለታችሁ በፊት የአሰላው ክንፍ ሲዞር የሚሠራው ክብ ከዳር እስከ ዳር 132 ሜትር እንደሆነ አስቡ። ጥቂት ግዙፍ ወይስ ብዙ መካከለኛ? ለዚህ ቀመር የለም፤ ምስሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነዋሪውን መጠየቅ ነው።

መንገዱን መርሳት

ሁሉም ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ ከእግር በታች ነው። ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝም ክንፍ የጫነ ተሳቢ ጠባብ ኩርባ አይዞርም። ስለዚህ ተራራው ይቆረጣል፣ ለክሬኑም ሜዳ ይደለደላል። ከዚያ ክረምት ይገባል። ከመንገዱ ቱቦ የወጣው ጎርፍ የሰው ማሳ ላይ ይለቀቃል። በዓመቱ ቦይ፣ በሦስት ዓመቱ ጥጃ የሚውጥ ቦረቦር። ፈቃድ ስትሰጡ የመንገዱን ካርታ ቀድማችሁ እዩ። እያንዳንዱ ቱቦ የት እንደሚያፈስ በእግራችሁ ሂዱና አረጋግጡ።

የስብሰባ ፊርማን እንደ ስምምነት መቁጠር

ያ ፊርማ የውሎ አበል ፊርማ ነው። በቃ።

መብራት ቃል መግባት

ማሽኑ የሚያመነጨው ወደ ከፍተኛ መስመር ይገባል። ከሥሩ ያለው መንደር መብራት እንዲያገኝ ትራንስፎርመርና የማከፋፈያ መስመር ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ሌላ በጀት፣ ሌላ ቢሮ ነው። በጽሑፍ ካልያዛችሁት አፋችሁን ዝጉ። ከላይ ግዙፍ ማሽን እየዞረ በኩራዝ የሚያጠና ልጅ ፊት መቆም ከባድ ነው። ቆሜ አውቃለሁ።

ወፍ በተሳሳተ ወር መቁጠር

ይህ የኔ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሐምሌ ላይ ሁለት ቀን ቆጥሬ «የአእዋፍ እንቅስቃሴ አነስተኛ» ብዬ ጻፍኩ። የስምጥ ሸለቆው መስመር በዓለም ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው አየር ላይ የሚንሳፈፉ ትልልቅ ወፎች በብዛት ከሚፈልሱባቸው አንዱ ነው። ንስሩና ሽመላው የሚያልፈው ግን በመጸውና በበልግ ነው። ሐምሌ ላይ ማን ይምጣ? አለቃዬ ሪፖርቱን ምንም ሳይል መለሰልኝ፣ ቀኑ ላይ ብቻ አክብቦ።

ጥንብ አንሳ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጥንብ ፍለጋ አንገቱን ሲደፋ ከፊቱ ያለውን አያይም፤ የዓይኑ አቀማመጥ ነው። ቄራ ወይም ቆሻሻ መጣያ በአንድ በኩል፣ የሚያድርበት ገደል በሌላ በኩል ሆኖ መሃል ላይ ተርባይን ከቀረበላችሁ፣ እኔ አልፈርምም።

የፈረንጅ መመሪያ መገልበጥ

አውሮፓ በብርዱ ወራት ፀሐይ ዝቅ ስለምትል፣ እየዞረ ቤት ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው የክንፉ ጥላ ወደ ሰሜን ሩቅ ይሄዳል። እኛ ጋ ረጅሙ ጥላ የሚወድቀው ጠዋትና ማታ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት አቅጣጫ ያሉትን ቤቶች ቁጠሩ።

ማን ያነሳዋል?

ማሽኑ 20 ወይ 25 ዓመት ይሠራል። ከዚያ ምሰሶው ብረት ነው፣ ገዢ አያጣም። ከመሬት በታች ያለውን ኮንክሪት ግን ማንም አይገዛም። በማን ገንዘብ እንደሚወጣ፣ ገንዘቡ ከአሁኑ የት እንደሚቀመጥ ፈቃዱ ላይ ካልተጻፈ ሰነዱን መልሱት።