ከቪዲዮ ቀጠሮ በፊት የ2 ሳምንት ማስታወሻ

ለከባድ ድብርት ሐኪም በቪዲዮ የምታማክሩ ከሆነ፣ «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባል አፍ ላይ የሚቀድመው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነውና፣ ከቀጠሮው በፊት ለ2 ሳምንት በየማታው አንድ መስመር ጻፉ፤ ለምሳሌ «ማክሰኞ፦ ሌሊት 9 ሰዓት ነቃሁ፣ ምሳ አልበላሁም፣ የእህቴን ስልክ አላነሳሁም»። 2 ሳምንት ያልኩት፣ ብዙ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ባለ 9 ጥያቄው የድብርት መለኪያ መጠይቅ (ፒኤችኪው 9) የሚጠይቀው ስላለፉት 14 ቀናት በመሆኑ ነው፤ ድብርት ደግሞ ትውስታን ያደበዝዛል፣ የከሳ ሰውነትም ሆነ የዘገየ እርምጃ በስክሪን በኩል በቀላሉ አይታይም። ከዚህ በፊት ብዙ ሳትተኙ ለቀናት ከልክ በላይ የተነቃቃችሁበት ጊዜ ካለ እሱንም ጨምሩበት፤ የመድኃኒቱን ምርጫ ሊለውጥ ይችላልና። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ማስታወሻውም ቀጠሮውም ይቆይ፤ ለቅርብ ሰው ነግራችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።