ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁንና ሶኬታችሁን እዩ

ጎንደር ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ መዘርጋት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ከጥቅምት እስከ ጥር ስልኬ የሚጮኸው በአብዛኛው በማሞቂያ ጉዳይ ነው። ግማሹ «የትኛውን ልግዛ?» ይለኛል። ግማሹ ገዝቶ ሶኬቱ ከተቃጠለ በኋላ ይደውላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለኛ አገር ይመስለኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ጋቢ ብቻውን አይበቃም። የከተራ ለት ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ያደረ ሰው ያውቀዋል።

ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የማነሳው ስለ ቤቱ ነው። ኮርኒስ አለው? በሩ ይገጥማል? ማታ ስንት ሰው ይቀመጥበታል?

ምክንያቱም በሽቦ ግለት የሚሠራ ማሞቂያ ሁሉ የበላውን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ርካሹም ውዱም 1,500 ዋት ከበላ የ1,500 ዋት ሙቀት ይሰጣል። «ይሄኛው ትንሽ በልቶ ብዙ ያሞቃል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ልዩነቱ ሙቀቱ የት ይደርሳል የሚለው ላይ ነው።

ይህን በእናቴ ቤት ነው በደንብ የተማርኩት። ቸቸላ ያለው ቤቷ የጭቃ ነው፣ ሳሎኑ ኮርኒስ የለውም፣ ላዩ ቆርቆሮ ነው። መጀመሪያ ማራገቢያ ያለውን ማሞቂያ ገዛሁላት። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ደግሞ ወዲያው ያቀዘቅዘዋል። ወንበር ላይ ቆሜ እጄን ወደ ጣሪያው ስዘረጋ ይሞቃል። እሷ ግን ታች ተቀምጣ «ልጄ፣ እግሬ እንጨት ሆነ» ትለኛለች። በቀይ የሚበራውን ስቀይርላት ነገሩ ተለወጠ። እሱ አየሩን ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ነው የሚያሞቀው፣ እንደ ፀሐይ። ከጉልበቷ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ አድርጌ አቆምኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጋቢዋን ከእግሯ ላይ ገለጠች።

መኝታ ቤቷ ግን ኮርኒስ አለው፣ ስፋቱም ሦስት በአራት ነው። እዚያ ዘይት ያለውን፣ ራዲያተር የሚመስለውን፣ ባለ 1,500 ዋቱን አስገባሁ። ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። መብራት ሲሄድ እንኳ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሙቀቱ አይለቅም። ለኛ ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዘይቱ የታሸገ ስለሆነ አይጨመርም፣ አይቀየርም።

ስለዚህ ኮርኒስ የሌለው ወይም በሩ የሚከፈት የሚዘጋ ቤት ከሆነ፣ ሰውየውን የሚያሞቀውን ግዙ። ለሚዘጋ መኝታ ቤት ዘይት ያለውን። ማራገቢያ ያለው ጠባብ ክፍልን በፍጥነት ለማሞቅ ይሆናል፣ ጠዋት ልጆች ሲለብሱ ለምሳሌ።

የከሰል ነገርም ላንሳ። ማንደጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ዛሬም አለ። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ራስ ያዞራል፣ ያደክማል፣ ከዚያ በእንቅልፍ ውስጥ ይገድላል። ሌላው ምክሬ ሁሉ ቢቀር ይህቺን ያዙልኝ፦ ማንደጃ ያለበት ቤት ውስጥ አትተኙ።

አሁን ወደ ሽቦው። ባለፈው ታኅሣሥ ሳሙና በር አንድ ቤት ተጠራሁ። ስፒናውን ስነቅለው የሶኬቱ ፕላስቲክ ከአንደኛው እግር ጋር ተጣብቆ መጣ። ነጩ ፕላስቲክ ቡና መስሏል፣ ሽታው የዓሣ ይመስላል። ስከፍተው አንዷ ብሎን ላልታለች። ሽቦው ለአምፖል የተዘረጋ፣ ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ነው። ብሬከሩ ደግሞ 32 አምፔር። ከኔ በፊት የገባ ሠራተኛ «እየወረደ አስቸገረን» ሲሉት ትልቅ አስገብቶላቸው ሄዷል።

«ማሞቂያው ነው አይደል የተበላሸው?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«የለም እትዬ፣ ማሞቂያዎ ደህና ነው። ሽቦው ነው ያልቻለው።»

ሂሳቡ ቀላል ነው። 2,000 ዋትን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 9 አምፔር ገደማ ይመጣል። ይህ ለሰዓታት ሳይቋረጥ የሚሄድ ጭነት ነው። ሶኬቱ በ2.5 ሽቦ የተዘረጋ፣ ብሬከሩ 16 መሆን አለበት። ብሬከር የሚወርደው ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እንዳይግል ነው፤ በትልቅ መቀየር ማለት ጠባቂውን ማባረር ነው። በቀጭን ኤክስቴንሽን አትሰኩ። ምጣድ በተጣደ ሰዓትም ማሞቂያውን አጥፉት፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል መስመር ያለው ቤት ጥቂት ነው። ዘይት ያለው ማሞቂያ አካሉ ብረት ስለሆነ ኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የግድ ያስፈልገዋል። የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ የላቸውም፣ አስቀድማችሁ አስዩት።

ማታ ማታ «ማሞቂያዬ ደከመ» የሚሉኝም አሉ። ሰው ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። 180 ላይ ሲደርስ ባለ 2,000 ዋቱ የሚሰጠው 1,340 ገደማ ብቻ ነው። ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን ስታቢላይዘር አትግዙለት፤ ትንንሹ ይህን ጭነት አይችልም፣ ማሞቂያውም በዝቅተኛ ቮልቴጅ አይጎዳም።

ላዩ የተጻፈው ዋት እውነት መሆኑን በካርድ ቆጣሪያችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ቤት ውስጥ ሌላውን ሁሉ አጥፉና ማሞቂያውን ብቻ አብሩ። ቆጣሪው ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለች፤ አጠገቧ 1000 ወይም 1600 የመሰለ ቁጥር ተጽፏል። በአንድ ደቂቃ ስንቴ ብልጭ እንዳለች ቁጠሩ፣ በ60 አባዙ፣ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉ። ቁጥሩ 1000 ሆኖ 30 ጊዜ ካለች 1.8 ኪሎዋት ነው። ወጪውም በዚሁ ይታሰባል። 1,500 ዋት በቀን ሦስት ሰዓት ሳያቋርጥ ከሠራ በወር 135 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱም ዋጋ ይጨምራል።

ለሥራ ቦታ ሐሳቡ ያው ነው፣ እሳቱ ግን ይከፋል። እንጨት ቤት ውስጥ ሰጋቱራ፣ ቫርኒሽና ቲነር ባለበት በቀይ የሚበራ ማሞቂያ አታስገቡ። አራዳ ያለ አናጺ ደንበኛዬ ትንሿን ክፍል ዘግቶ ዘይት ያለውን አስገብቷል። ነጭ ኮላውንም ማታ እዚያ ያሳድራል፤ ኮላው ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይዝምና። ልብስ ስፌት ቤት ከሆነ ከጨርቅ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።

መብራት በሄደ ቁጥር ስፒናውን ንቀሉ። ረስታችሁት ከወጣችሁ መብራቱ ሲመጣ ባዶ ቤት ውስጥ ራሱ ይነሳል።

ግዢውን መብራት ባለበት ሰዓት አድርጉት። ሱቁ ውስጥ አስበሩትና ዘንበል አድርጉት፤ ወዲያው መጥፋት አለበት። መቆጣጠሪያውን ስታዞሩ «ቀጭ» ሲል ስሙ። ከዚያ 20 ደቂቃ ይሥራና ገመዱን ከስፒናው ጀምራችሁ በእጃችሁ ዳብሱት። ለብ ካለ ምንም አይደል። ለመያዝ የሚያቃጥል ከሆነ መልሱለትና ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።