«ገባኝ» እያለ ለሚሳሳት ተማሪ የሠራልኝ ዘዴ

የማስጠናው የ6ኛ ክፍል ልጅ 1/2 + 1/3 ሲደምር 2/5 ይላል። አብረን ስንሠራ ልክ ነው። «ገባህ?» ስለው «አዎ»። በማግስቱ ያው 2/5።

ደግሜ አስረዳሁት፣ አልያዘም። ተመሳሳይ ጥያቄ በብዛት ሰጠሁት። ደረጃውን ሸምድዶ ሠራ፤ ቁጥሩ ሲቀየር ጠፋበት። የዩቲዩብ ቪዲዮም ጊዜ ከመብላት በቀር ምንም አልፈየደም።

በመጨረሻ እስክሪብቶውን ሰጠሁትና «አሁን አስተማሪው አንተ ነህ፣ አስረዳኝ» አልኩት። ከዚያ ዝም አልኩ። (አፌን እየበላኝ!) «ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት እደምራለሁ» አለ። ችግሩ እዚህ ጋ ወጣ።

አላረምኩትም። «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩት። በማስመሪያ 10 ሴንቲሜትር አሰመረ። ግማሹ 5 ሴንቲሜትር፣ 2/5ኛው 4። «እንዴ! ግማሽ ላይ ጨምሬ እንዴት ያንሳል?» የጋራ ታህቱን ራሱ ፈለገ፤ 3/6 + 2/6 = 5/6።

አሁን «ገባህ?» የሚለውን ትቼዋለሁ። ጥናት የምንጀምረው ካለፈው ትምህርት ሁለት ሦስት ጥያቄ ደብተር ሳያይ ሠርቶ፣ እያንዳንዱን ጮክ ብሎ አስረድቶኝ ነው። በተለይ ልክ የሠራውን «አስረዳኝ» በሉት፤ የተሸመደደው እዚያ ነው የሚደበቀው።