መጠጥ ለማቆም የድጋፍ ስብሰባ ለምትፈልጉ

ብዙ ሰው "መጀመሪያ ላቁምና ከዚያ እሄዳለሁ" ይላል። ተገላቢጦሽ ነው። ስብሰባው የተዘጋጀው ማቆም ላቃተው ነው። በየአገሩ ለማግኘት በጣም የሚቀለው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ሰዉ በአጭሩ ኤኤ የሚለው፣ መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚደጋገፉ ሰዎች ኅብረት ነው። ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጠጥ የማቆም ፍላጎት። ክፍያ የለም፣ መታወቂያም አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። በየቀኑ በብዛት የምትጠጡ ከሆነ፣ ጠዋት ሳትጠጡ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥና የሚያልባችሁ ከሆነ፣ በድንገት አታቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣ ይችላል፣ ሰውም ይሞትበታል። መጀመሪያ ሐኪም ጋ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ትችላላችሁ። ስብሰባ ሕክምናን አይተካም።

ፍለጋው ቀላል ነው። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል ነጻ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ያላችሁበትን አካባቢ አይቶ የቅርቡን ስብሰባ ከነሰዓቱ ያሳያችኋል። አሜሪካ፣ ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሥራ በፊትም፣ በምሳ ሰዓትም፣ ማታም ስላለ ታክሲ የምትነዱም ሌሊት የምትሠሩም የሚመቻችሁን አታጡም። "ክፍት" የሚለው ማንም የሚገባበት ነው፤ እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። "ዝግ" የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። በአካባቢያችሁ ከሌለ፣ ወይም መጠጥ በሕግ በተከለከለበት እንደ ኩዌት ባለ አገር ከሆናችሁ፣ በዙም ቀንም ሌሊትም የሚካሄዱ አሉ። በብዙዎቹ ካሜራ አጥፍቶ ማዳመጥ ይቻላል።

"ሐበሻ ቢያየኝስ?" የሚለው ፍርሃት እኛ ዘንድ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ያያችሁ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ እሱም ለዚያው ጉዳይ ነው የመጣው። የሚነገረው የመጀመሪያ ስም ብቻ ነው፣ የተሰማውም እዚያው ይቀራል ይባላል። ይህን የሚያስከብረው ግን መተማመን እንጂ ሕግ አይደለም፤ ስለዚህ የመኖሪያ ወረቀት ጉዳያችሁንና የሥራ ቦታችሁን መጀመሪያ ላይ አታውሩ። ካላስቻላችሁ ራቅ ወዳለ ሰፈር ሂዱ።

ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም ምድር ቤት ነው፣ ተከራይተውት ነው እንጂ ቅዳሴም ስብከትም የለም። ወንበር፣ ቡና፣ የሚመራ ሰው። "አዲስ የመጣ አለ?" ሲባል እጅ ማውጣት ግዴታ አይደለም፤ ካወጣችሁ ግን ያጨበጭቡላችኋል፣ አንዳንድ ቦታ ትንሽ ሳንቲም የመሰለች ቺፕ ይሰጧችኋል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አይገስጽም። ለእኛ ለመምከር ለምንቸኩል ሰዎች ይህ መጀመሪያ ይገርማል፣ ኋላ ግን እፎይ ያሰኛል። ተራችሁ ሲደርስ መናገር ካልፈለጋችሁ "አይ ዊል ፓስ" (ልለፈው) በሉና ዝም በሉ። ቅርጫት ሲዞር ሌላው አንድ ሁለት ዶላር ያደርጋል፤ አዲስ ሰው አይጠበቅበትም። አምላክ ይጠራል፣ ግን "እኛ እንደምንረዳው" ተብሎ ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ የማያምነውም ይቀመጣል። ይህ ካልተስማማችሁ ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ሃይማኖት የሌለበት አማራጭ አለ።

አሁን ዋናው ነገር። ስብሰባው እንዳለቀ ወደ መኪናችሁ አትሩጡ። አሥር ደቂቃ ቆዩና ስልክ ቁጥር ተቀበሉ፤ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ቢሆን ይሻላል። ኤኤ ራሱ የተጀመረው በስልክ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል የሚባል መጠጥ ካቆመ ወራት የሆነው ሰው ለሥራ ኦሃዮ፣ አክረን ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። ሆቴሉ ውስጥ ቡና ቤቱ ወለል ብሎ ይታየዋል። ወደዚያ በመግባት ፋንታ ስልክ አነሳና የሚያዋራው ጠጪ እስኪያገኝ ድረስ ደወለ። ያገናኙት ቦብ ከሚባል ከመጠጥ ጋር ከሚታገል ሐኪም ጋር ነበር፤ ሁለቱ ኤኤን መሠረቱ።

እናንተም ሰርግ ልትገቡ ስትሉ፣ ደመወዝ የገባ ቀን፣ ፋሲካ ላይ ጠላው ተቀድቶ "ለበረከት እንኳን ቅመስ እንጂ" ሲባል የሚያስፈልጋችሁ ያ ቁጥር ነው። ከቀመሳችሁ በኋላ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት ደውሉ። ምን ልበል አትበሉ፤ "ሰርግ ልገባ ነው፣ ፈራሁ" ይበቃል። ያነሳላችሁ ሰው እሱም አንድ ቀን ደውሎ ያውቃልና አይታዘባችሁም።

ከጊዜ በኋላ ስፖንሰር፣ ማለትም ቀድሟችሁ ያቆመ አንድ ሰው፣ እንዲያግዛችሁ ትጠይቃላችሁ። አይከፈለውም። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ወይም አዲስ መሆናችሁን ዓይቶ ለፍቅር የሚጠጋችሁ ካለ ቡድን ቀይሩ። አንዱን ስብሰባ ካልወደዳችሁትም እንዲሁ፣ ሌላ ሞክሩ፤ ቡድን ከቡድን በጣም ይለያያል። ብትጠጡም በማግስቱ ተመለሱ፣ የሚያባርር የለም።

የሚጠጣው ባለቤታችሁ፣ ልጃችሁ ወይም እናታችሁ ከሆኑ ደግሞ አል-አኖን የሚባል ለጠጪ ቤተሰብና ወዳጆች የሆነ ስብሰባ አለ። እነሱ እስኪያቆሙ ወይም እስኪሄዱ መጠበቅ የለባችሁም፤ በዚህ ሳምንት መግባት ትችላላችሁ።