የጅማን የድሮ ሲኒማ ቤት ታሪክ ሳይጠፋ እንዴት እንሰብስበው?

«ድሮ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ «ያኔማ ጥሩ ጊዜ ነበር» ከማለት አያልፍም። በፈረንጅ አራዳ ወይም በሄርማታ በኩል ሲኒማ እየገቡ ያደጉ አዛውንቶች ብዙ ያስታውሳሉ፤ ትዝታው የሚመጣው ግን በእጅ የሚጨበጥ ነገር ሲጠየቁ ነው። በየትኛው በር ይገባ ነበር? ቲኬቱ ምን ቀለም ነበረው፣ በር ላይ ይቀደድ ነበር ወይስ ይበሳ? ርካሹ ቦታ ከፊት ነበር ወይስ ከኋላ? ፊልሙ ሳያልቅ መብራት ስንት ጊዜ ይበራ ነበር?

ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። የ35 ሚሊሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ በደቂቃ 27 ሜትር ገደማ ይሄዳል ማለት ነው። 600 ሜትር የሚይዝ ትልቅ ጥቅል 22 ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ያልቃል፤ የ90 ደቂቃ ፊልም በዚህ ስሌት አምስት ጥቅል ይፈልጋል። ሁለት ፕሮጀክተር ያለው ቤት አንዱ ሊያልቅ ሲል ሌላውን ያስነሳል፤ ተመልካቹ ልብ አይልም። አንድ ብቻ ካለው ግን ጥቅል ለመቀየር ማቆም ግድ ነው። ስለዚህ «በየሃያ ደቂቃው ይበራ ነበር» ካሏችሁ ማሽኑ አንድ ሳይሆን አይቀርም። «ድንገት መሀል ላይ ይቋረጥ ነበር» ካሉ ግን ፊልሙ ተበጥሶ ወይም መብራት ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁ።

ከተመልካች በፊት ማሽኑን ያንቀሳቅስ የነበረውን ኦፕሬተር ፈልጉ፤ ቀጥሎ ቲኬት ቆራጩን፣ በር ጠባቂውን፣ በሩ ላይ ቆሎ ይሸጡ የነበሩትን። ተመልካች ፊልሙን ያስታውሳል፤ ቤቱን የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

ዓመተ ምሕረት በቃል የሚይዝ ሰው ጥቂት ነው። በሚታወቅ ነገር አስደግፋችሁ ጠይቁ፦ ከእድገት በኅብረት ዘመቻ በፊት ነው (ታኅሣሥ 1967)? ትርፍ ቤት ከመወረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ (ሐምሌ 1967)? ደርግ ሲወድቅ ይሠራ ነበር (ግንቦት 1983)? ቪዲዮ ቤቶች ከመጡ በኋላ ያለውን ትዝታ በተለይ አጣሩት፤ አንዳንዱ ሰው በሸራ ያየውንና በቴሌቪዥን ያየውን አንድ ላይ ይነግራችኋል።

ቀረጻውን ጠዋት አድርጉት፤ ከተቻለ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፅን ጨርሶ ይውጣል። ስልኩን ከረከቦቱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፤ ሲኒ በተነካ ቁጥር ኳኳታው ከንግግሩ ይበልጣል። ቡናው እስኪወቀጥ ታገሱ፣ ከዚያ ጀምሩ። የታጠፈ ጋቢ ወይም ፎጣ ላይ አድርጋችሁ ከተናጋሪው አንድ ክንድ ያህል አርቁት፤ ጥሪም እንዳያቋርጣችሁ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉ። ጋሼም ሆኑ ሐጂ በኦሮምኛ ሲያወሩ ምላሳቸው የሚፈታ ከሆነ በኦሮምኛ ቅረጹ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ሰፈሩንና ፈቃዳቸውን መጀመሪያ ላይ በድምፅ አስገቡ።

ቀጥሎ ሕንፃው። ዛሬ መጋዘን፣ አዳራሽ ወይም ሱቅ ሆኖ ይሆናል፤ ግድግዳው ግን ብዙ ይናገራል። ከኋላ በኩል ከፍ ብሎ ያለውን የኦፕሬተር ክፍል ፈልጉ። ለእያንዳንዱ ማሽን ሁለት ትንንሽ መስኮት ይኖራል፦ አንዱ ብርሃኑ የሚወጣበት፣ ሌላው ኦፕሬተሩ የሚያይበት። አራት ቀዳዳ ካገኛችሁ ቤቱ ለሁለት ማሽን የተሠራ ነው፤ በልስን ቢደፈኑም ግድግዳው ላይ ባትሪ በጎን ስታበሩ ጠርዛቸው ይወጣል። ወለሉ ተሞልቶ ተስተካክሎ ከሆነ የድሮውን ቁልቁለት ከጎን በሮቹ ደፍ ላይ ፈልጉ፤ ከፊት ያለው በር ግማሹ የተቀበረ መስሎ ከታየ ሙሌቱ እዚያ ነው። በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ከገባበት ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ደብዳቤ ያዙ።

የባለቤትነቱን መንገድ ስትከተሉ አንድ ነገር እወቁ፦ በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት ቤቶች የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዷል። ሲኒማ የሚያህል ቤት ቀበሌ ውስጥ ፋይል ባይኖረው ተስፋ አትቁረጡ። የጣሊያን ዘመን ወረቀት ካጋጠማችሁ ከፈረንጁ ዓመት ጎን ፋሺስቶች የራሳቸውን ዘመን የሚቆጥሩበት የሮማ ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ 16 (XVI) ከሆነ ከጥቅምት 1937 እስከ ጥቅምት 1938 እ.ኤ.አ. ማለት ነው።

ፎቶ መስታወት ላይ ከተጣበቀ አትላጡት፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ፣ ከመስኮት አጠገብ በጥላ፣ ያለ ፍላሽ አንሱት። የሻገተውን በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ አድርቃችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። በፌስታል አትጠቅልሉት፤ በጅማ እርጥበት ፌስታል ውስጥ ያለ ፎቶ አንድ ክረምት አይዘልቅም። የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ስካን ካደረጋችሁ 600 ዲፒአይ ይሁን፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አትጻፉ።

የፊልም ቆርቆሮ ከተገኘ ከመክፈታችሁ በፊት አሽትቱት። አቼቶ አቼቶ የሚል ከሆነ ፊልሙ መበላሸት ጀምሯል፤ ወደ ሌሎቹም ስለሚዛመት ለብቻው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ቡናማ ሆኖ የተጣበቀ ወይም ዱቄት የሆነ ከሆነ ግን ከእሱ ራቁ። እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ይሠራ የነበረው የናይትሬት ፊልም ሊሆን ይችላል፤ ከተቀጣጠለ ውኃም አያጠፋውም። ሲጋራ አጠገቡ አይጨስ፣ በእሳት ለመፈተን አትሞክሩ፣ በሚኒባስም አታጓጉዙት።

የሰበሰባችሁትን ሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ቅጂ ወደ ጅማ ሙዚየም ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ቢሄድ ጥሩ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ለተናጋሪው ቤተሰብ ስጡ፤ ልጆቻቸው ስልክ ላይ ጭናችሁ፣ ከፍታችሁ አሰሟቸው። ሲሰሙት «ቆይ፣ እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ» ይላሉና እርማቱን ለመቅዳት ሁለተኛ ስልክ ይዛችሁ ሂዱ።