ለታብሌታችሁ የፎቶና የሥዕል አፕ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ካለችው ፎቶ ቤቴ ታብሌት ይዘው የሚመጡ ወጣቶች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ብዙ ብር የማያስወጣኝ አፕ የትኛው ነው?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ምን ልትሠሩበት? በየትኛው ታብሌት?

የመጀመሪያው ስህተት ስም ሰምቶ መወሰን ነው። ከደጀን የመጣ አንድ ተማሪ ዩቲዩብ ላይ ፕሮክሪኤትን አይቶ በአንድሮይድ ታብሌቱ ሲፈልግ ስሙ የሚመሳሰል ሌላ አፕ አገኘና ጫነው። ፕሮክሪኤት የሚሠራው በአይፓድ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተከፈለበት ወርሃዊ ክፍያ የለውም። አንድሮይድ ለያዘ ሰው ስኬችቡክ ቀላልና ለጀማሪ የሚስማማ ነው። ኢቢስ ፔይንት በነፃ ይሠራል፣ ማስታወቂያ ግን አለው። ክሪታ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ ለኮምፒውተር የተሠራ ስለሆነ ቁልፎቹ ትንንሽ ናቸው፣ አቅሙ ደከም ያለ ታብሌትም ይከብደዋል።

ሁለተኛው፣ «ነፃ ሙከራ» የሚለውን ሳያነቡ መጫን። በዚህ እኔ ራሴ ተቀጥቻለሁ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ውጭ አገር ያለች ዘመዴን ካርድ አስገብቼ አንድ የፎቶ አፕ ሞከርኩ። አልወደድኩትምና ከታብሌቴ አጠፋሁት፤ ያበቃ መስሎኝ። ለሦስት ወር ከእሷ ሒሳብ ሲቆረጥ ቆየ፣ ደውላ ስትነግረኝ መግቢያ ጠፋኝ። አፑን ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ ከደንበኝነት ክፍያዎች ዝርዝር ውስጥ ራሳችሁ መሰረዝ አለባችሁ። በወር 5 ዶላር ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት 60 ዶላር ነው። ለፎቶ የጉግሉ ስናፕሲድ ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ ይሠራል፤ አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራችሁ አይቆምም።

ሦስተኛው፣ አፑን በራስ ፎቶ አለመሞከር ነው። ለማስታወቂያ የሚያሳዩት ፎቶ በማንኛውም አፕ ያምራል። እናንተ ግን የሠርግ ፎቶ ክፈቱ፤ በእኩለ ቀን ፀሐይ የተነሣ፣ ነጠላና ጥበብ የለበሰ ሰው ያለበት። ሃይላይትስ (የፎቶው በጣም ብሩህ ክፍል) የሚለውን ዝቅ አድርጉና ነጠላውን አቅርባችሁ እዩት። የፈትሉ መስመር ብቅ ካለ መልካም ነው። ወደ ግራጫ ብቻ ከተለወጠ ግን ብርሃኑ ገና ሲነሣ በልቶታል፤ ምንም አፕ አይመልሰውም። ስልካችሁ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ መልክ፣ ማንሣት የሚችል ከሆነ የሚወጣውን ዲኤንጂ የሚባል ፋይል ስናፕሲድ ይከፍተዋል፤ የመትረፍ ዕድሉም ሰፊ ነው። ቀጥሎ ፊቱን ሳታጠቁሩ የነጠላውን ብርሃን ብቻ መቀነስ የሚያስችል ብሩሽ መኖሩን ፈትሹ።

ቆዳ የሚያለሰልሱትን አፖች በተለይ አጥብቃችሁ ፈትሹ። አንድ ጊዜ የአንዲት እናት ፎቶ በእንዲህ ዓይነት አፕ አለስልሼ አትሜ ሰጠኋቸው። እናትየው ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና «ልጄ፣ ንቅሳቴንስ የት አደረስከው?» አሉኝ። ግንባራቸው ላይ ያለውን መስቀልና የአንገታቸውን ንቅሳት አፑ እንደ ጠባሳ ቆጥሮ ጠርጎታል፤ መልካቸውንም አንጥቶታል። «ይቅርታ እማማ» ብዬ እንደገና ሠራሁላቸው። ከዚያ ወዲህ የማለስለሻውን መጠን ዝቅ ማድረግ ወይም ጭራሽ መዝጋት የማያስችል አፕ ታብሌቴ ላይ አይቀመጥም።

ለሥዕል ደግሞ ብዙዎች የሚሳሳቱት በሌየር (አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረብ የሥዕል ንጣፍ) ብዛት ተማርከው ነው። ለኅትመት የሚሆን ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክስል ነው። አንዱ ሌየር ብቻ ወደ 35 ሜጋባይት ራም (ታብሌቱ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) ይይዛል። ስለዚህ ባለ 3 ጊጋባይት ራም ታብሌት ላይ «የፈለጋችሁትን ያህል ሌየር» የሚለው ቃል ብዙ ርቀት አይወስድም፤ አፑ መሐል ላይ ይዘጋል፣ ሥራውም ይጠፋል። ደግሞስ ያን ያህል ምን ያደርጋል? ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ የመቅደሱን ግድግዳ ብታዩ፣ ጥቁር መስመር፣ ደማቅ ቀለም፣ ትልልቅ ዓይን ነው። ያንን ስልት በታብሌት ለመለማመድ ለንድፉ፣ ለመስመሩ፣ ለቀለሙና ለጀርባው አራት ሌየር ይበቃል።

የግዕዝ ፊደልን ሳይፈትሹ መክፈልም አለ። የጥሪ ካርድ ልትሠሩ «መልካም ጋብቻ» ስትጽፉ ባዶ ሳጥን ብቻ ከተደረደረ አፑ ፎንት ከውጭ ማስገባት መቻሉን እዩ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ማተሚያ ቤት የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ሌየሩን ሳያዋህድ በፒኤስዲ (በፎቶሾፕ ፋይል) ማውጣት መቻሉን እዩ።

ከቴሌግራም ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ) አፕ መጫንን በፍጹም አልመክርም። ሥዕል መሣያ አፕ የስልክ መልእክታችሁን ለማንበብ ፈቃድ ምን ያስፈልገዋል? በዚያው ታብሌት ቴሌብርና የባንክ አፕ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መስመሩ እየወፈረና እየቀጠነ አልሄድ ሲል አፑን ጥፋተኛ አድርጎ ሌላ መግዛት የተለመደ ነው። ጫፉ ጎማ የሆነው ርካሽ ስታይለስ (የታብሌት ብዕር) የእጅን ግፊት ጨርሶ አይለይም፣ የፈለጋችሁትን አፕ ብትቀያይሩም ያው ነው። ታብሌት ገና ልትገዙ ከሆነ እንደ ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት ግፊት የሚለይ ብዕር ከነካርቶኑ የሚመጣለትን ፈልጉ፤ ያን ጊዜ በነፃው ስኬችቡክ የሚወጣው መስመር ያስደስታችኋል።