ዌብሳይቱ ወደቀ? መጀመሪያ ማን ጋ እንደወደቀ እንይ

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቁርስ ላይ ሆኜ ስልኬ ጠራ። ሐጂ ናቸው። ቡና ወደ ውጭ ይልካሉ፤ የዌብሳይታቸው ነገር የሚመለከተው እኔን ነው።

«አንተ ልጅ፣ ያ ዌብሳይት ሞተ እንዴ?»

«ምን ይላል ሐጂ?»

«ምንም አይልም። ነጭ ነው።»

«ነጭ ነው» የምትለዋ ግማሹን ስራ ሰራችልኝ። ሰርቨሩ፣ ማለትም ሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ጭራሽ ቢጠፋ ኖሮ ብሮውዘሩ ራሱ «ሳይቱን ማግኘት አልቻልኩም» ይል ነበር። ነጭ ገጽ መጣ ማለት ሰርቨሩ መልሷል፤ የላከው ግን ባዶ ሳህን ነው። ሰው በአንድ ቃል «ወደቀ» ይበል እንጂ አወዳደቁ ብዙ ዓይነት ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን የከፋፈልኩት ደንበኞቼ ስልክ ላይ በሚነግሩኝ ቃል ነው። የእናንተን ምልክት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

«ለኔ አይከፍትም፣ ለወንድሜ ግን ይከፍታል»

የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉና በዳታ ክፈቱት። በሌላ ሲምም ሞክሩ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ካላችሁ ደውላችሁ አስከፍቱት። በአንዱ ከፍቶ በሌላው እምቢ ካለ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው።

አንድ ትምህርት ቤት በዚህ 3 ቀን ተሰቃይቷል። ጠዋት ይከፍታል፣ ረፋድ ላይ ግቢው ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ይዘጋል፣ ከሰዓት ደግሞ ይመለሳል። ኔትወርኩ ተወቀሰ፣ ራውተሩ ተነቅሎ ተሰካ። ጥፋተኛው በመጨረሻ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፤ አሮጌ ታብሌት ነው። እሷ የኢሜይሏን ፓስዎርድ ቀይራለች፣ ታብሌቱ ግን የድሮውን ይዞ በየጥቂት ደቂቃው ይሞክራል። የሰርቨሩ ፋየርዎል ስህተቱን ይቆጥርና «ሌባ ነው» ብሎ አድራሻውን ይዘጋል። የቢሮው ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚወጣ በአንድ ታብሌት ጥፋት ዳይሬክተሩም ተዘጋባቸው።

መፍትሄው ሁለት እርምጃ ነው። በዚያው ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ «የኔ አይፒ ስንት ነው» ብላችሁ ጎግል ላይ ፈልጉ፤ የሚወጣውን ቁጥር ሰርቨሩን ለሚያከራያችሁ ሆስቲንግ ድርጅት ልካችሁ እገዳውን አስነሱ። ከዚያ የድሮውን ፓስዎርድ የያዘውን ዕቃ ፈልጋችሁ አስተካክሉ። ሁለተኛውን ካልሰራችሁ ነገም ያው ነው።

ሰርቨር ከተቀየረ በኋላ የመጣ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ስልካችሁ የድሮውን አድራሻ አልረሳ ብሎ ይሆናል። ኤርፕሌን ሞድ አድርጋችሁ መልሱት፣ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። ካልሆነ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ነው።

«ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም ይለኛል»

ብሮውዘሩ ሰርተፊኬቱን፣ ማለትም የሳይቱን መታወቂያ፣ አልተቀበለም ማለት ነው። ሁሉም ሰው ጋ እንዲህ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበታል። በነጻ የሚሰጠው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት ዕድሜው አጭር ነው፤ በተለምዶ 90 ቀን። ሰርቨሩ ራሱ ማደስ አለበት፤ ከአፕግሬድ በኋላ ግን ማደሻው ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሲፓነል (ሆስቲንጉን የምታስተዳድሩበት ገጽ) ካላችሁ «ኤስኤስኤል» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ እንደገና አስነሱት።

አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሰርተፊኬቱን ተዉትና የማሽኑን ሰዓት እዩ። እኛ ጋ ይህ ከየትም በላይ የሚያጋጥም ይመስለኛል። መብራት ሲጠፋ፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተ ዴስክቶፕ ቀኑን ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመልሳል። ሌላው ሰው ሰዓቱን በእጁ በሀበሻ ያስተካክልና 6 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ዓመተ ምህረቱን ጭምር በኛ የሞላም አይቻለሁ፤ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ሄዶ ዌብሳይት አልከፍት አለ ብሎ ይገረማል። ሌሊት ሰርቨር ተቀይሮ አዲስ ሰርተፊኬት ከወጣ፣ 6 ሰዓት የዘገየው ማሽን ጠዋት ላይ «ይህ ሰርተፊኬት ገና አልጸናም» ይላል። ከሰዓት ራሱ ይድናል፤ ለዚህ ነው ምስጢር የሚመስለው።

ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጉና ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ እንዲወስድ ፍቀዱለት። የሀበሻ ሰዓት የፈለገ ግድግዳ ላይ ይስቀል።

«ነጭ ነው» ወይም «500 ይላል»

ወደ ሐጂ እንመለስ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከሆስቲንግ ድርጅቱ ኢሜይል መጥቶ ነበር፤ ሰርቨሩን እናሻሽላለን ይላል። ሐጂ አላነበቡትም፣ እኔም ሳልከፍተው አልፌዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ሆስቲንግ ድርጅቶች ሰርቨር የሚቀይሩት ሲያሻቸው ብቻ አይደለም። ብዙ ሰርቨር ይሰራበት የነበረው ሴንትኦኤስ 7 የተባለ ሲስተም እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 ድጋፉ ተቋርጧል። ብዙ ሳይት የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ፒኤችፒ፣ 7.4 ስሪቱ ደግሞ ከኖቬምበር 2022 ወዲህ የደህንነት ጥገና አይወጣለትም። ድጋፍ በሌለው ነገር ላይ የሰው ሳይት ማስቀመጥ በር ሳይዘጉ እንደመተኛት ነው። ስለዚህ ይቀይራሉ። ችግሩ የእናንተ ሳይት የተጻፈው ለድሮው ከሆነ ነው።

ያደረግኩት ይኸው ነው። ሲፓነል ገባሁ፣ ፋይል ማናጀር ከፈትኩ፣ «ኤረር ሎግ» የሚባለውን ፋይል አገኘሁና ወደ መጨረሻው መስመር ወረድኩ። ከላይ አትጀምሩ፤ የዛሬው ስህተት ያለው ታች ነው። «ኢች» የሚባል ፈንክሽን (የኮድ ትእዛዝ) አላውቅም ይላል፣ ፋይሉንና የመስመሩን ቁጥር ጭምር ይዞ። ይህ ፈንክሽን ከፒኤችፒ 8.0 ጀምሮ ተወግዷል። የሐጂን ሳይት ከዓመታት በፊት የሰራው ልጅ የቡና ዝርዝሩን ገጽ በሱ ነው የገነባው።

እዚያው ሲፓነል ላይ የፒኤችፒ ስሪት መምረጫ አለ። ለዚያ ዶሜይን (የሳይት ስም) ብቻ ወደ 7.4 መለስኩት። 3 ደቂቃ አልፈጀም፤ ገጹ መጣ። ግን ይህ ማስታገሻ ነው። ቅዳሜ ኮዱን አስተካክዬ ወደ 8 አሻግሬዋለሁ። «ይሰራል እኮ፣ ምን አስቸኮለህ» የሚል ደንበኛ ይኖራችኋል፤ አትስሙት። አንዳንድ ድርጅት የድሮውን ስሪት ጨርሶ አንስቶት ስለሚሆን ሁልጊዜም መመለሻ አታገኙም።

ሳይቱ የተሰራው ዎርድፕረስ በሚባለው ዝግጁ ፕሮግራም ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያረጀ ፕለጊን (ተቀጥላ ፕሮግራም) ነው። መግባት ካልቻላችሁ በፋይል ማናጀር «ፕለጊንስ» የሚለውን ፎልደር ስሙን ቀይሩት፤ ሁሉም በአንዴ ይጠፋሉ። ሳይቱ ከተነሳ ገብታችሁ የፕለጊን ገጹን አንዴ ክፈቱ፣ ከዚያ ስሙን መልሱና አንድ በአንድ እያበራችሁ ወንጀለኛውን ያዙ። ዎርድፕረስ ከ5.2 ስሪት ወዲህ ለአስተዳዳሪው ኢሜይል የመግቢያ ሊንክ ይልካል፤ መጀመሪያ እሱን እዩ። ኢሜይሉ የማን እንደሆነ ካወቃችሁ ማለቴ ነው።

«502፣ 503፣ 504 ይላል»

እነዚህ ከሰርቨሩ ወገን ናቸው። 503 ማለት «አሁን አልችልም» ነው፤ ጥገና ላይ ነው ወይም ጭነት በዝቶበታል። 502 እና 504 ፊት ያለው ሰርቨር ከኋላው ካለው መልስ አጣ ማለት ነው፤ በ502 የተበላሸ መልስ መጣ፣ በ504 ጭራሽ ዘገየ። 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልተመለሰ ለሆስቲንግ ድርጅቱ ቲኬት (የእርዳታ ጥያቄ) ክፈቱ። 508 ካለ ግን ከተመደበላችሁ በላይ እየበላችሁ ነው፤ ወይ ፓኬጁን አሳድጉ፣ ወይ ሳይቱን ደጋግሞ የሚያንኳኳውን ሮቦት (በራሱ የሚሄድ ፕሮግራም) ዝጉ።

«ዳታቤዝ ማገናኘት አልቻልኩም ይላል»

ዳታቤዝ የሳይቱ መረጃ የሚቀመጥበት መዝገብ ነው። ከሰርቨር ለውጥ ማግስት ከሆነ ብዙ ጊዜ የዳታቤዙ ስም፣ ተጠቃሚው ወይም ፓስዎርዱ ተለውጧል። በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ሲፓነል ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ምንም ሳይለወጥ በድንገት ከመጣ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እዩ። ያ «ኤረር ሎግ» ያልኳችሁ ፋይል ራሱ አብጦ ጊጋባይት ሲበላ አይቻለሁ።

«የማላውቀው ማስታወቂያ ወጣበት»

ብዙ ጊዜ ዶሜይኑ አልታደሰም ማለት ነው። እኛ ጋ መነሻው ብዙ ጊዜ ዶላር ነው። ክፍያው ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ይፈጸማል፣ ዘመድ ካርዱን ይቀይራል፣ ማሳሰቢያው ደግሞ ማንም በማያየው ኢሜይል ይመጣል። ዶት ኮም ጊዜው ካለፈ በኋላ አብዛኛው ሻጭ በመደበኛው ዋጋ ለማደስ የእፎይታ ቀናት ይሰጣል። ከዚያ 30 ቀን የመዋጃ ጊዜ አለ፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለፈለገው ሁሉ ይለቀቃል። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውሉ። ካደሳችሁ በኋላ ሲቻል የብዙ ዓመት ክፈሉ፤ ዶሜይኑ የተመዘገበበት ኢሜይልም የባለቤቱ ይሁን። የሰራላችሁ ልጅ ነገ አገር ሊቀይር ይችላል።

የአፕግሬዱ ሌሊት

ማስታወቂያው ሲመጣ መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ እኛ መልሱት። ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ብሎ ከጻፈ 3 ቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ 12 አውጡለት። «ቅዳሜ 22:00» ካለ ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የአሜሪካ ምስራቅ ዳርቻ እኩለ ሌሊት ካለ ደግሞ እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። እነሱ ሰው ሲተኛ ነው የሚሰሩት፤ እኛ ያኔ ቁርስ ላይ ነን። ሐጂ የደወሉበትን ሰዓት አስታውሱ።

ከዚያ ባክአፕ። የሆስቲንጉ ባክአፕ እዚያው ሆስቲንግ ቤት ነው ያለው፤ ፋይሉንና ዳታቤዙን አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ኔትወርክ እንዳይቆራረጥ ሌሊት አውርዱት።

የአይፒ አድራሻው የሚቀየር ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት የዲኤንኤሱን (የዶሜይኑን ስም ከአይፒው ጋር የሚያገናኘውን መዝገብ) ቲቲኤል አሳንሱ፤ ቲቲኤል የድሮው አድራሻ ሰው ጋ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ 14400 ሰከንድ ተብሎ ነው የሚገኘው፤ 4 ሰዓት ማለት ነው። 300 ካደረጋችሁት 5 ደቂቃ ይሆናል፤ ዓለም አዲሱን አድራሻ ቶሎ ያውቃል። ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ አዲሱን ሰርቨር በድብቅ ጎብኙት፤ ዊንዶውስ ላይ ሲስተም32 ውስጥ፣ ድራይቨርስ፣ ከዚያ ኢቲሲ በሚለው ፎልደር «ሆስትስ» የሚባል ፋይል አለ። አዲሱን አይፒና የዶሜይኑን ስም አንድ መስመር ላይ ጻፉበት። ለእናንተ ብቻ አዲሱ ይከፈታል። ስትጨርሱ መስመሩን አጥፉ፤ እኔ ረስቼ ሁለት ቀን ራሴን አታልያለሁ።

ሳይቱን እኔ የምከታተለው አንድ ፔንሲዮን አለ። ሰርቨሩ የተቀየረው በዩኒቨርሲቲው የምረቃ ሰሞን ነው፤ ከተማው በወላጅ ይሞላል፣ አልጋ ይጠፋል። ዳታቤዙ ጠዋት ተገልብጦ ዲኤንኤሱ የተቀየረው ማታ ነበር። በመሃል የገባው የክፍል ማስያዣ አሮጌው ሰርቨር ላይ ቀረ። በማግስቱ እናት አባት ሻንጣ ይዘው ቆመዋል፣ መዝገቡ ላይ ስማቸው የለም። ስለዚህ ዳታቤዙ ከተገለበጠበት ደቂቃ ጀምሮ ማስያዣውን ዝጉና ስልክ ቁጥር ለጥፉ። አሮጌውን ሰርቨርም ቢያንስ ለ1 ሳምንት አታስዘጉ፤ ኢሜይልም ለጥቂት ሰዓት እዚያው ሊገባ ይችላል። የምትልኩት ኢሜይል ከለውጡ በኋላ ስፓም ውስጥ መውደቅ ከጀመረ፣ ምናልባት በዲኤንኤሱ ላይ ያለው የኤስፒኤፍ መዝገብ (በስማችሁ ኢሜይል እንዲልክ የተፈቀደለትን ሰርቨር የሚናገረው) የድሮውን አይፒ ይዞ ቀርቷል።

ቲኬት ስትከፍቱ

«ሳይቴ አይሰራም» ብቻ ብላችሁ ከላካችሁ «ለእኛ ይሰራል» የሚል መልስ ይመጣል፤ አንድ ቀን ሄደ። ይልቅ የዶሜይኑን ስም፣ የጀመረበትን ሰዓት በዩቲሲ፣ ገጹ ላይ የሚታየውን ቃል ወይም ቁጥር እንዳለ፣ የእናንተን አይፒ፣ በዋይፋይም በዳታም መሞከራችሁን፣ የኤረር ሎጉን የመጨረሻ መስመርና አንድ ፎቶ በአንዴ ላኩ። ስለ ሐጂ ሳይት ለድርጅቱ የላክኩት 6 መስመር ነበር። መልሱ የመጣው ቁርሴን ጨርሼ ሂሳብ ስከፍል ነው፤ የፒኤችፒውን ስሪት ያኔ ራሴ መልሼው ስለነበር ቲኬቱን ዘጋሁት።